ጋዛና ሐበሻ፦ ከሃሺም ቅፍለት እስከ ደረሳው ኪታብ

በባሕር ዳር ዳርቻ በሰባታሚት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሚቀራ የፊቅህ ደርስ ላይ አንድ ወጣት ደረሳ ያነሣው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። ደርሱ የተከፈተው እንደ ወጉ በኢማም ሻፊዒ (ረሒመሁላህ) አጭር የሕይወት ታሪክ ነበር። «በ150 ዓመተ ሂጅራ በጋዛ ተወለዱ» የሚለው ሲነገር ደረሳው ቀና ብሎ፣ «ሸይኻችን፣ ይህች ጋዛ ማታ ማታ በዜና የምንሰማት ጋዛ ናት?» ሲል ጠየቀ። መልሱ «አዎን፣ እርሷው ናት» የሚል ነበር። ደርሱም ወደ ጦሃራ ምዕራፍ አለፈ።

መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አልበቃም። ጋዛ በደርሳችን ውስጥ በሁለት መልክ ብቻ ትታያለች፤ በኢማሙ ሲራ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆና፣ በዕለት ዜና ውስጥ ደግሞ የሞትና የፍርስራሽ ስም ሆና። በሁለቱ መካከል ያለው ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ግን አይነገርም። ይህ ታሪክ የሩቅ ሀገር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ መተዉ ብዙ ባላሳሰበ ነበር። ግን አይደለም። የጋዛ ስም በሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ ገና ከጅምሩ ከሐበሻ ስም ጋር ጎን ለጎን ይነሣል። ዛሬም በሀገራችን የሻፊዒ መዝሀብ ደረሳ ጭን ላይ ከሚዘረጉት ኪታቦች አንዱ የጋዛ ልጅ የጻፈው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ትስስር በቅደም ተከተል ማሳየት፣ ዘገባዎቹን በሚዛን ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም ከዚህ ለመምህራንና ለኢማሞች የሚተርፈውን ኃላፊነት ማመልከት ነው።

፩. የመንገድ ከተማ

የጥንቷ ጋዛ የተቆረቆረችው ከሜዲትራኒያን ባሕር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብሎ ባለ ከፍታ ላይ ነው። በባሕሩ ዳር ማዩማ የሚባል ወደብ ነበራት። አቀማመጧ ታሪኳን ወስኖታል። ከግብፅ ተነሥቶ ወደ ሻም የሚሄድ ሠራዊትም ሆነ ነጋዴ የሲናን በረሃ አቋርጦ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኛት ትልቅ ከተማ እርሷ ናት፤ ከሻም ወደ ግብፅ የሚወርደውም ስንቁንና ውኃውን የሚያሟላባት የመጨረሻዋ ከተማ እርሷው ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የግብፁ ፈርዖን ቱትሞስ ሦስተኛ ለዘመቻው መነሻ አድርጓታል። ታላቁ እስክንድር በ332 ዓመተ ዓለም ወደ ግብፅ ሲወርድ ለሁለት ወር ያህል ከቧት ነው የያዛት።

ሁለተኛው መንገድ ከደቡብ የሚመጣው ነው። ከየመን የሚነሣው የዕጣን መንገድ በዐረብ ምድር ምዕራባዊ ክፍል እየዘለቀ መጨረሻው ጋዛ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ከደቡብ ዐረቢያ እስከ ጋዛ ያለው ጉዞ 65 የግመል ማደሪያ እንዳለው ጽፏል። ዕጣኑና ከርቤው ጋዛ ደርሶ በመርከብ ወደ ሮም ይጫናል። ስለዚህ ጋዛን የባሕር ከተማ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የበረሃው መንገድ ከባሕሩ መንገድ ጋር የሚጋጠምባት በር ነበረች። የሒጃዝ ነጋዴ የሚያውቃትም በዚሁ በርነቷ ነው።

የእኛ ምድርም ከዚህ የንግድ ዓለም ውጭ አልነበረም። ከጋዛ በደቡብ ምሥራቅ በቀይ ባሕር ራስጌ ባለችው በአይላ፣ በዛሬዋ ዐቀባ፣ የተሠሩ ጋኖች በአዱሊስና በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች ተገኝተዋል። የሻም ደቡብና የአክሱም መንግሥት ከእስልምና መምጣት በፊት በሸቀጥ ይተዋወቁ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚታይና የሚዳሰስ ማስረጃ አያስፈልግም።

፪. አራቱ ወንድማማቾች

ቁርኣን የቁረይሾችን የክረምትና የበጋ ጉዞ በአንድ አጭር ሱራ ያነሣል። የሲራና የታሪክ ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ የዐብዱ መናፍን አራት ልጆች ይጠቅሳሉ። ጦበሪና ሌሎችም ባስተላለፉት ዘገባ መሠረት እያንዳንዱ ወንድም በአንድ አቅጣጫ ለቁረይሽ ነጋዴዎች የደኅንነት ቃል ኪዳን አስገኝቷል። ሃሺም ከሻም ገዦች፣ ዐብዱ ሸምስ ከሐበሻው ነጃሺ፣ ሙጦሊብ ከየመን ነገሥታት፣ ነውፈል ደግሞ ከፋርስ ገዦች።

መምህራን በዚህ ዘገባ ላይ ጥቂት ቢቆሙ መልካም ነው። የሃሺም መንገድ መዳረሻ ጋዛ ስትሆን፣ የወንድሙ የዐብዱ ሸምስ መንገድ መዳረሻ የእኛ ሀገር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም «ወደ ጋዛ ሄደ» ሲባል ሌላው «ወደ ሐበሻ ተሻገረ» ይባል ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ስሞች በመካ ሰዎች አፍ የተጣመሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመወለዳቸው በፊት ነው።

ሃሺም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቅድመ አያት ናቸው። ወደ ሻም ሲሄዱ በየሥሪብ አልፈው ከበኑ ነጃር ወገን የሆነችውን ሰልማ ቢንት ዐምርን አገቡ። ከእርሷም ኋላ ዐብዱል ሙጦሊብ ተብሎ የታወቀው ሸይባ ተወለደ። ሃሺም ግን ልጃቸው አድጎ አላዩትም። በንግድ ጉዞ ላይ እያሉ ጋዛ ውስጥ ታመው ሞቱ፤ እዚያም ተቀበሩ። ከተማዋ በዐረቦች ዘንድ «ገዘቱ ሃሺም» ማለትም «የሃሺም ጋዛ» ተብላ የምትጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በአሮጌው ከተማ በደረጅ ሰፈር በስማቸው የሚጠራው መስጊድ በኦቶማኑ ሱልጣን ዐብዱል መጂድ ዘመን በ1850 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሃሺም በጋዛ መሞታቸው በሲራ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ መቃብሩ የሚገኝበት ትክክለኛ ቦታ ግን በአካባቢው ትውፊት የሚታወቅ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ደረጃ ማስቀመጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ስለ መካ ንግድ ስፋት የዘመናችን ተመራማሪዎች ተከራክረዋል። ፓትሪሺያ ክሮን በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቁረይሾች በዕጣንና በቅመም የበለጸጉ ነጋዴዎች ነበሩ የሚለውን የተለመደ አሳብ ተቃውመው፣ ሸቀጣቸው ይልቁንም ቆዳ፣ ልብስና የመሳሰለው ተራ ዕቃ እንደነበር ተከራክረዋል። ይህ ክርክር በመላ ባይጸናም፣ የቆዳው ነገር ከእኛው ታሪክ ጋር ይገጥማል። ቁረይሾች ስደተኞቹን ሶሐቦች ለማስመለስ ወደ ነጃሺ መልእክተኛ ሲልኩ የመረጡት ስጦታ የመካ ቆዳ እንደነበር ኢብኑ ኢስሓቅ ዘግበዋል፤ ምክንያቱም ከመካ ከሚመጣው ዕቃ ሁሉ በሐበሻ የሚወደደው እርሱ ነበር።

፫. በሁለቱ ደጆች የቆመው ሰው

ያንን ቆዳ ይዘው ወደ ነጃሺ ከመጡት ሁለት መልእክተኞች አንዱ ዐምር ኢብኑል ዓስ ነው፤ ሌላው ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓ ነበር። ዐምር በዚያ ዘመን ብልህ ነጋዴና አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር፤ ለዚህ ጉዳይ መመረጡም በአጋጣሚ አልነበረም። በነጃሺ ችሎት ፊት የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ንግግር አሸነፈው፤ ስጦታውም ተመለሰበት። ይህን ታሪክ ኢማሞቻችን በየመስጊዱ ደጋግመው ስለሚያስተምሩት እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀጣዩ ነው። በኢብኑ ኢስሓቅ ዘገባ መሠረት ዐምር ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ ወደ ሐበሻ መጥቶ እስልምናን በነጃሺ እጅ ተቀበለ፤ ከዚያም በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መዲና ሄዶ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ቃሉን አጸና። በአቡበክር (ረ.ዐ.) የኸሊፋነት ዘመን ሠራዊት ወደ ሻም ሲላክ የፍልስጤም ግንባር የተሰጠው ለዚሁ ለዐምር (ረ.ዐ.) ነው። በላዙሪ ሙስሊሞችና ሮማውያን መጀመሪያ የተዋጉት ዳሢን በምትባል የጋዛ መንደር እንደሆነ ጽፈዋል።

ይህን ዘገባ የሚደግፍ የውጭ ምስክር አለ። ከድሉ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በሶርያ ቋንቋ የጻፈው ቄስ ቶማስ፣ በየካቲት 4 ቀን 634 እ.ኤ.አ. ከጋዛ በስተምሥራቅ 12 ማይል ላይ በሮማውያንና በመሐመድ ዐረቦች መካከል ውጊያ መደረጉን መዝግቧል። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ከሚጠቅሱት ሙስሊም ያልሆኑ ጽሑፎች መካከል ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ በመሆኑ በተመራማሪዎች ዘንድ ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ዐምርን በሁለት ቦታ እናስተውል። አንድ ጊዜ በሐበሻ ደጅ ስደተኞችን ለማስመለስ ቆመ፤ ኋላ በጋዛ ደጅ የስደተኞቹን ሃይማኖት ይዞ ቆመ። ሁለቱንም መንገድ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ከቁረይሽ ንግድ ነው። ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ዘገባም አለ። ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደብዳቤ ለሮሙ ንጉሥ ለሂረቅል በደረሰ ጊዜ፣ ንጉሡ ስለ ነቢዩ የሚጠይቀው ሰው አስፈልጎ አቡ ሱፍያን ተጠራ። ኢብኑ ኢስሓቅ እንደሚተርኩት አቡ ሱፍያን በዚያ ጉዞ ይነግድ የነበረው ወደ ጋዛ ነው። አቡ ሱፍያን ደግሞ የዐብዱ ሸምስ ዘር ነው። ስለዚህ ሻምን የያዘው የሃሺም ቤት ብቻ፣ ሐበሻን የያዘው የዐብዱ ሸምስ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ መንገዶቹ የሁሉም ሆነው ነበር።

፬. የኢማሙ መወለጃ፦ ሦስት ዘገባዎችና ሚዛናቸው

ሙሐመድ ኢብኑ ኢድሪስ አሽ-ሻፊዒ በ150 ዓ.ሂ. (767 እ.ኤ.አ.) ተወለዱ፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) የሞቱበት ዓመት ነው። በዓመቱ ላይ ብዙ ክርክር የለም። በቦታው ላይ ግን ሦስት ዘገባዎች አሉ፤ ጋዛ፣ ዐስቀላንና የመን። ደረሳ ይህን ልዩነት በኪታብ ሲያገኝ ግራ እንዳይጋባ መምህሩ ሚዛኑን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የጋዛው ዘገባ በብዙ መንገድ የተላለፈ ሲሆን አብዛኞቹ የሥነ ሕይወት ታሪክ ሊቃውንት የያዙትም እርሱን ነው። የዐስቀላኑ ዘገባ ከዚህ ጋር በእውነቱ አይጋጭም። ዐስቀላን ከጋዛ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ትልቋን ከተማ ጠርቶ አካባቢዋን ሁሉ ማለት የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ከሰባታሚት የመጣ ሰው በአዲስ አበባ «የባሕር ዳር ሰው ነኝ» እንደሚለው ነው። የየመኑ ዘገባ ጠንከር ያለ ይመስላል፤ ኢማሙ «በየመን ተወለድሁ፤ እናቴም ዘሬ እንዳይጠፋ ፈርታ ወደ መካ ወሰደችኝ» ማለታቸው ተላልፏልና። ኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን ይህን ሲያስታርቁ «የመን» የተባለው ሀገሩ ሳይሆን በጋዛና በዐስቀላን አካባቢ የሰፈሩት የየመን ጎሣዎች ናቸው ብለዋል። በአብዛኛው ዘገባ እናታቸው ከአዝድ ጎሣ መሆናቸው ይህን አስተያየት ያጠናክረዋል።

በዚህ ዘገባ ውስጥ ከቦታው ክርክር ባሻገር አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። አባት በልጁ ሕፃንነት ሞቷል። እናት ብቻቸውን ናቸው፤ ድኾችም ናቸው። ልጃቸው ሁለት ዓመት ሲሆነው ከጋዛ ወደ መካ ይዘውት ሄዱ። የፈሩት የዘሩ መረሳት ነበር። በኋላ በሙስሊም ኢብኑ ኻሊድ አዝ-ዘንጂ ዘንድ በመካ፣ በኢማም ማሊክ ዘንድ በመዲና፣ በሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ ዘንድ በባግዳድ የተማረው፣ አር-ሪሳላንና አል-ኡምን የጻፈው፣ በ204 ዓ.ሂ. (820 እ.ኤ.አ.) በግብፅ የሞተው ታላቅ ሊቅ መነሻው የአንዲት የሙት ልጅ እናት ውሳኔ ነው።

ስለ ዘር ሐረጋቸው አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። በኢማሙ የትውልድ ሐረግ ውስጥ «ሃሺም» የሚል ስም ይገኛል። አንዳንድ ደረሶች ይህ በጋዛ የተቀበሩት ሃሺም ይመስላቸዋል። አይደሉም። የኢማሙ አያት የሆነው ሃሺም ኢብኑል ሙጦሊብ ሲሆን፣ በጋዛ የተቀበሩት ሃሺም ኢብኑ ዐብዱ መናፍ የዚያ ሃሺም አጎት ናቸው። ኢማሙ የሙጦሊብ ዘር ናቸው፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር የሚገናኙት በዐብዱ መናፍ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ኢማሙ የተወለዱት የአያታቸው አጎት በተቀበሩባት ከተማ መሆኑ ቁረይሾች ከጋዛ ጋር የነበራቸው ትስስር ከእስልምና በፊት ተጀምሮ ከእስልምና በኋላም አለመቋረጡን ያሳያል።

፭. ተጓዦች ያዩዋት ጋዛ

በ985 እ.ኤ.አ. ገደማ መጽሐፋቸውን ያጠናቀቁት የእየሩሳሌሙ ተወላጅ ጂኦግራፈር ሙቀደሲ ጋዛን በግብፅ መንገድ ላይ፣ በበረሃው ጠርዝ ያለች ትልቅ ከተማ ብለው ያነሧታል። ውብ መስጊድ እንዳላት፣ ሻፊዒ የተወለዱባትና ሃሺም የተቀበሩባት መሆኗንም ይመዘግባሉ። ኢማሙ ከሞቱ ከ170 ዓመት ያህል በኋላ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ምሁር ይህን መጻፉ የጋዛውን ዘገባ ሚዛን ያደፋል። ያቁት የተባሉት ሊቅም በታወቀው የሀገሮች መዝገባቸው ስለ ጋዛ ሲጽፉ ኢማሙ የትውልድ ከተማቸውን ስለመናፈቃቸው የሚናገሩ ስንኞች ለኢማሙ ተሰጥተው እንደሚነገሩ ጠቅሰዋል።

በመስቀል ጦርነት ዘመን ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ንጉሥ ባልድዊን ሦስተኛ ምሽግ ሠርቶ ለቴምፕላሮች ሰጣት፤ በ1187 እ.ኤ.አ. ሰላሑዲን መልሰው ያዟት። በመምሉኮች ዘመን እንደገና አበበች። በ1326 እ.ኤ.አ. ኢብኑ በጡጣ ሲደርሱባት ከግብፅ በኩል ለሚመጣ ሰው የሻም መጀመሪያ፣ ሰፊ፣ ገበያዋ የደራ፣ መስጊዶቿ የበዙና ግንብ የሌላት ከተማ ሆና አገኟት። አሚር ሰንጀር አል-ጃውሊ ያሠሩትን መስጊድም ጠቅሰዋል። እኚህ አሚር ገዢ ብቻ አልነበሩም፤ የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ ሆነው የኢማሙን ሙስነድ አቀናጅተውና አብራርተው ጽፈዋል። ኢማሙ በተወለዱባት ከተማ የኢማሙን ሐዲሶች የሚያገለግል ገዢ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ያው ኢብኑ በጡጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀይ ባሕርን ወርደው ዘይላዕ ደረሱ። በርበራ ብለው የሚጠሯቸውን የዚያን ዳርቻ ሕዝብ መዝሀባቸው ሻፊዒ መሆኑን ጻፉ። አንድ ተጓዥ በአንድ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የመዝሀቡን ኢማም የትውልድ ከተማና መዝሀቡ ወደ ሐበሻ የገባበትን በር ሁለቱንም መመዝገቡ ለእኛ ትልቅ ሀብት ነው።

፮. ከዘይላዕ እስከ ጣና ዳርቻ

ሻፊዒነት ወደ ሀገራችን የገባው በአንድ ቀንና በአንድ በር አይደለም። ከየመንና ከሒጃዝ ጋር በነበረው የባሕር ንግድ፣ በሐጅ ጉዞና ዕውቀት ፍለጋ በሚወጡ ደረሶች አማካይነት ነው። በ1349 እ.ኤ.አ. የሞቱት የካይሮው ጸሐፊ ዑመሪ በዘመናቸው ስለነበሩት ሰባት የሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፉ፣ የኢፋት ሰዎች በአብዛኛው ሻፊዒ እንደሆኑ፣ በሌሎች አንዳንዶቹ ዘንድ ግን የሐነፊ መዝሀብ እንደሚበዛ አመልክተዋል። የሐነፊው ወገንም ታላላቅ ሊቃውንት አፍርቷል። ነስቡር ራያ የተባለውን የሐዲስ ሥራ የጻፉት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ በ762 ዓ.ሂ. የሞቱ የዚሁ ምድር ስም ተሸካሚ ናቸው። ስለዚህ የጋዛን ነገር ስናነሣ አንዱን መዝሀብ ከሌላው ለማበላለጥ አይደለም፤ በሀገራችን ሁለቱም ለዘመናት ጎን ለጎን ሲቀሩ ኖረዋል።

ወደ ጣና ዙሪያ ስንመጣ የዕውቀቱ ተሸካሚ በዋነኛነት ነጋዴው ነው። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የኋላዋ አዲስ ዓለም የምታስታውሰን ይህን ታሪክ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የምትገኘው ደሪታም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች መንደር ሆና ትታወቅ ነበር። ከእነዚህ ሰፈሮች የሚነሣ ነጋዴ አንዱን መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላውን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይይዛል። ሐጅ ለማድረግ የቻለ ከምጽዋ ወደ ጂዳ ይሻገራል፤ ዕውቀት የፈለገ ደግሞ እስከ ካይሮ ይዘልቅና በአል-አዝሃር የጀበርቲዎች ሪዋቅ ያርፋል። ከካይሮ ወደ ቁድስ መሄድ ለፈለገ የየብሱ መንገድ የሚያልፈው በጋዛ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጋዛ ወደ እኛ የመጣችው በኪታብ ነው። በሻፊዒ ሐልቃዎች የፊቅህ ጀማሪ ደረሳ የሚቀራው የአቡ ሹጃዕ አጭር መትን ነው። የዚህ መትን በጣም የታወቀው ማብራሪያ ፈትሑል ቀሪብ ይባላል፤ ደረሶች በአጭሩ በጸሐፊው ስም «ኢብኑ ቃሲም» ይሉታል። ጸሐፊው ሸምሱዲን ሙሐመድ ኢብኑ ቃሲም አል-ገዚ በ859 ዓ.ሂ. (1455 እ.ኤ.አ.) በጋዛ ተወልደው፣ ኋላ ወደ ካይሮ ተሻግረው፣ በ918 ዓ.ሂ. (1512 እ.ኤ.አ.) የሞቱ ሊቅ ናቸው። «አል-ገዚ» ማለት «የጋዛው» ማለት ነው። ስሙ ከኢማም አል-ገዛሊ ጋር ስለሚመሳሰል አንዳንዶች ይደባልቁታል፤ ኢማም አል-ገዛሊ ግን በፋርስ ምድር የጡስ ሰው ናቸው፤ ከጋዛ ጋር አይገናኙም።

በሰባታሚቱ ደርስ ደረሳው ጥያቄውን ሲጠይቅ ከፊቱ ተዘርግቶ የነበረው ይኸው የኢብኑ ቃሲም ኪታብ ነበር። መምህሩ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ የጸሐፊውን ስም ቢያሳየው ኖሮ መልሱ በደረሳው እጅ ላይ ነበር። ጋዛ በዜና ብቻ የሚሰማት ከተማ አይደለችም፤ ውዱእን ያስተማረው ሰው ሀገር ናት።

፯. የዑመሪ መስጊድና የእኛ ሣጥኖች

የጋዛ ታላቁ የዑመሪ መስጊድ የከተማዋን ታሪክ በአንድ ቦታ ደርቦ የያዘ ነበር። በቦታው በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ነበር፤ ከድሉ በኋላ መስጊድ ሆነ፤ በመስቀል ጦርነት ዘመን ካቴድራል ተሠራበት፤ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ መስጊድ ሆኖ ቀጠለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች መድፍ ክፉኛ ተጎዳ፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ታደሰ። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ጦር ድብደባ አብዛኛው ሕንፃው ፈረሰ።

በመስጊዱ ቤተ መጻሕፍት በእጅ የተጻፉ ጥንታዊ ኪታቦች ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት የጋዛ ባለሙያዎች በብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ላይ መዛግብት ፕሮግራም ድጋፍ ከነዚህ ኪታቦች ብዙዎቹን በዲጂታል ካሜራ ቀርጸዋቸው ነበር። ያ ሥራ ሲሠራ ለቅንጦት የሚሠራ ይመስል ይሆናል። ዛሬ ግን ሕንፃው ፈርሶም ምስሉ ተርፏል፤ ተመራማሪውም ገጾቹን ሊያነብ ይችላል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ምክር አይደለም። በሀገራችን የዐረብኛና የዐጀሚ እጅ ጽሑፎች የሚገኙት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብቻ አይደለም፤ በየመስጊዱ፣ በየዛዊያውና በየሟች ሸይኽ ቤት በሣጥን ተቆልፈው የተቀመጡት ብዙ ናቸው። ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው የአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ጽሑፎች ፕሮጀክት ብዙዎቹን በዝርዝር መዝግቧል፤ ሥራው ግን በአንድ ፕሮጀክት የሚያልቅ አይደለም። ምስጥ፣ እርጥበት፣ የቤት ቃጠሎና ግጭት ኪታብን ከቦምብ ባላነሰ ያጠፋሉ። በጣና ዳርቻ ያለው እርጥበት ወረቀትን እንዴት እንደሚያበሰብስ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠበቅብናል። የመጀመሪያው፣ መምህር ኪታብ ሲያስቀራ የጸሐፊውን ሀገርና ዘመን ጨምሮ ያስቀራ፤ ስም ያለ ቦታ ቶሎ ይረሳል። ሁለተኛው፣ በመስጊዱ ወይም በቤተሰቡ እጅ የእጅ ጽሑፍ ያለ ኢማም ባለቤትነቱ ሳይነካ ኪታቡን በደረቅ ቦታ ያስቀምጠው፤ በስልክ ካሜራም ቢሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ያስቀርጸው፤ ቅጂውንም ከአንድ በላይ ቦታ ያኑረው። ሦስተኛው፣ ሸይኾቻችን ከማን እንደቀሩ፣ እነዚያም ከማን እንደቀሩ የሚናገሩት ሰንሰለት እነርሱ በሕይወት ሳሉ ይጻፍ። በጠርዙ ላይ የተጻፈ የባለቤት ስም፣ የመሸጫ ዋጋ ወይም የቅጂ ቀን ኪታቡ በየትኛው መንገድ ወደ እኛ እንደመጣ የሚነግረን ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።

የኢማሙ እናት ከጋዛ የወጡት የልጃቸው ዘር እንዳይረሳ ፈርተው ነበር። ፍርሃታቸው ልክ ነበር፤ ሰው ዘሩን የሚያጣው በሞት ብቻ ሳይሆን በመዘንጋትም ነውና። እኛም ዛሬ የምንፈራው የዕውቀታችን ዘር ነው። ያ ደረሳ ነገ ጥያቄውን ሲደግም፣ «አዎን፣ እርሷው ናት» ካልን በኋላ ኪታቡን ዘርግተን ታሪኩን መንገር እንቀጥል።

አላህ የተሻለ ያውቃል።